ላጠበው ሰው

እናቴ አዲስ ሽርጥ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝና «ላጠበው ሰው ስጥልኝ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ሽርጡን ራሷ ገበያ ወርዳ ነው የመረጠችው። ሰማያዊ ነው፤ ጠርዙ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር አለው። ወንድሜ ለእረፍት ድሬ ሲመጣ፣ ገና ቦርሳውን በደንብ ሳያስቀምጥ ሱሪውን አውልቆ የሚያገለድመው ዓይነት ነው።

ወንድሜ ከሞተ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ይሠራ የነበረው ከጅማ ወዲያ፣ ተራራ ላይ ባለች፣ ዙሪያዋን ሻይ በተተከለባት ትንሽ ከተማ ነው። የሻይ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ሙያውን የወረሰው ከአባታችን ነው። አባታችን በሕይወት ሳለ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ይሠራ ነበር። እኔ ከአባቴ ምንም አልተማርኩም፤ ሲሞት ትንሽ ነበርኩ። እኔን ያሳደገኝ ወንድሜ ነው ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት «ወላጅ አምጣ» ስባል የሚመጣልኝ እሱ ነበር። ራሱም ገና ልጅ ነበር፤ ትልቅ ለመምሰል የአባታችንን ሸሚዝ ለብሶ ይመጣል።

ከዚያ ከተማ ሲደውል ሁልጊዜ ስለ ብርድ ነው የሚያወራው። «እማ፣ እስቲ ስልኩን ፀሐይ ላይ አድርጊልኝ፣ ትንሽ ልሙቅ» ይላታል። እናቴ «ውሸታም» እያለች፣ ስልኩን እውነት ወስዳ ግቢው መሃል ድንጋዩ ላይ ታስቀምጠዋለች። እሱ ከዚያ ማዶ «አሁን ገና ሞቀኝ» ይላል።

አንድ ዝናባማ ጠዋት በሞተር ብስክሌት ወደ ሥራ ሲወርድ ጭቃው አንሸራተተው። ራሱን ተመታ። ሆስፒታል ሳይደርስ ሕይወቱ አለፈ። የደወለልን አብሮት በአንድ ክፍል የሚኖረው የሥራ ባልደረባው ነው። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ።

እኛ እስላሞቹ ዘንድ ሙት አይቆይም። ከድሬ ተነስቶ እዚያ መድረስ ደግሞ ከሁለት ቀን በላይ ይወስዳል። እናቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ «አታቆዩት፣ ቅበሩት» አለች። ራሷ ናት ያለችው። ይህን የምጽፈው በኋላ ሰው ሁሉ «እንዴት ሳታዩት?» ስላለን ነው።

አመሻሽ ላይ ልጁ መልሶ ደወለና «ቀብረነዋል» አለ። እናቴ «ማን አጠበው?» አለችው።

«ሁሉም ነገር በደንብ ተደርጓል፣ እማማ።»

በሦስተኛው ቀን ደግማ ጠየቀችው። «በደንብ ነው የተደረገው፣ እማማ። አያስቡ» አላት። በሳምንቱ ብትጠይቀውም ያው ነው። ስልኩን ዘጋችና «ይሄ ልጅ የሚደብቀው ነገር አለ» አለች።

አክስቴ ደግሞ ባትናገር ጥሩ ነበር። «እዚያ አገር እስላም መች አለ?» አለች። «ከነልብሱ አፈር አልብሰውት ይሆናል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሊያስተዛዝናት የመጣውን ሁሉ «ልጄን ማን እንዳጠበው አላውቅም» ማለት ጀመረች። ሰው «አላህ ይማረው» ሲላት «ማን አጠበው?» ትላለች። ምግብ ሲቀርብላት እጇን ትታጠባለች፣ የታጠበ እጇን ታያለች፣ ከዚያ ምግቡን ትተወዋለች።

ስለዚህ ሂድ ተባልኩ። ሌላ የሚሄድ ወንድ ቤታችን ውስጥ የለም።

እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ ነው የምሠራው። የሱሪ ኪስ እሰፋለሁ። ኪስ ብቻ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ነው የገባሁት። አለቃዬን የስምንት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁት። «ለቅሶ ሦስት ቀን ነው የሚፈቀደው፣ እሱንም ጨርሰሃል» አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና «ሂድ፣ ስትመለስ እንነጋገራለን» አለ።

ስለ መንገዱ ብዙ የማስታውሰው የለኝም። ደክሞኝ ነበር። ከሞተ ቀን ጀምሮ እተኛለሁ፣ ግን ደክሞኝ ነው የምነሳው። አውቶቡሱ ውስጥ ራሴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ እነቃለሁ፣ መልሼ እተኛለሁ። አዲስ አበባ አደርኩ፣ ጅማ አደርኩ። ፌስታሉን ጭኔ ላይ እንደያዝኩት ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ «ዳቦ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም፣ ልብስ ነው።»

«ትኩስ ዳቦ ነው እኮ ያስመሰልከው» አለችና ፊቷን አዞረች።

በሦስተኛው ቀን መኪናው ዳገቱን ሲጀምር መስኮቱ ቀዘቀዘ። የለበስኩት ቲሸርት ነው። እናቴ «ሹራብ ያዝ» ብላኝ ነበር፤ ድሬ መነሃሪያ በዚያ ሙቀት ሹራብ አንጠልጥዬ መታየት አፍሬ ትቼው ወጣሁ። የድሬ ሰው ብርድን የሚያውቀው በወሬ ነው።

ጫካው ሲያልቅ ሻዩ መጣ። መግለጽ አልችልበትም። ኮረብታው ሁሉ በአንድ ቁመት ተቆርጧል፤ ፀጉር ቤት ገብቶ የወጣ ይመስላል። በመሃሉ ሰው የሚያልፍባቸው ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ጉም ከላዩ ተኝቷል። ተሳፋሪው እርስ በርሱ ያወራል፤ ወደ ውጭ የሚያይ የለም። ወንድሜ «አንድ ጊዜ መጥተህ ብታየው ዓይንህ ያርፋል» ይለኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ልመጣ ነው እያልኩት አልመጣሁም። ቆንጆ መሆኑን አየሁ። ዓይኔ ግን አላረፈም።

አብሮት ይኖር የነበረው ልጅ መነሃሪያው ላይ ጃንጥላ ይዞ ጠበቀኝ። የወንድሜ እኩያ ነው። የዚያው አገር ልጅ ነው፤ አንገቱ ላይ ማተብ አስሯል። ሳልነግረው ነው ያወቀኝ።

«ከመኪናው ስትወርድ ፀሐይ ያለ ይመስል ዓይንህን ጨፈን አድርገህ ወረድክ» አለኝ። «ድሬም እንደዚያ ነበር የሚወርደው።»

ወንድሜን እዚያ ሁሉም ሰው ድሬ ነበር የሚለው። ልጁ ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝ። እንቢ ልለው ነበር፤ ለእንቢታም አቅም አልነበረኝም።

ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው። የወንድሜ አልጋ ተነጥፎ ጠበቀኝ። ብርድ ልብሱ ሦስት ነው። ግድግዳው ላይ የሥራ ቱታው ተሰቅሏል። «አልታጠበም» አለ ልጁ። «ማጠብ እችል ነበር፣ ግን…» አልጨረሰውም። ወደ ቱታው ተጠግቼ አሸተትኩት። ዘይት ዘይት ይላል፤ በዘይቱ ውስጥ ደግሞ እንደ ታጨደ ሣር ያለ ሽታ አለው።

የመንገዱን አቧራ ልታጠብ ስል ውጭ ካለው ቧንቧ በሳፋ ውሃ ቀዳልኝ። የድሬ ውሃ ሳሙና አይቀበልም። ኖራ አለበት፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይሠራል። ስለዚህ እኛ ሳሙና ስንይዝ አጥብቀን ነው የምናሸው። እኔም እንደ ልማዴ ሳሙናውን እጄ ላይ ደጋግሜ አዟዙሬ ፊቴንም፣ አንገቴንም፣ ክንዴንም ቀባሁት። አረፋው መጣ። ከዚያ አላቆም አለ። ውሃ ባፈሰስኩ ቁጥር ይብሳል። ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ። ሁለተኛ ሳፋ አመጣልኝ፣ ሦስተኛ አመጣልኝ። ቆዳዬ አሁንም ያሙለጨልጫል።

ልጁ ሲስቅ ሰማሁት።

«አቦ፣ ምን ዓይነት ሳሙና ነው?» አልኩት።

«ሳሙናው ምን አደረገ? ውሃው ነው። እዚህ ነካ አድርጎ መተው ነው። ድሬ የመጀመሪያ ወር አንድ ሙሉ ሳሙና…» አለና ሳቁ ቆመ።

ፎጣ አቀበለኝ። ፊቴን ስጠርግ ቆየሁ። ፎጣው ውስጥ መቆየት ጥሩ ነበር።

ሻይ አፈላ። ቀይና ጥርት ያለ ሻይ ነው። ወንድሜ ከዚያ የሚልክልንን ሻይ እናቴ ድሬ ስታፈላው ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ይሠራል። ይሄ አልሠራም። ግማሹን ጠጣሁና መግቢያ ሳላበጅ ጠየቅሁት።

«ማነው ያጠበው?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሁሉም በደንብ ነው የተደረገው።»

«እናቴ የጠየቀችው ማን እንደሆነ ነው።»

«ነገ ሐጂ ዘንድ እወስድሃለሁ። አሁን ደክሞሃል፣ ተኛ።»

«ሐጂ የምትለው ሰው ነው ያጠበው?»

«ነገ» አለ።

ያኔ የአክስቴ ቃል እውነት መሰለኝ። ደህና ነገር ቢሆን ለምን ይደብቀዋል አልኩ። ልቆጣ ፈለግሁ። ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል፤ ጉልበት ከየት ላምጣ። ወዲያው ዝናብ ጀመረ፤ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር ወረደ። ተነስቼ በሩን ከፈትኩና ወደ ታች ወደ ላይ አየሁ።

«ምን ፈለግህ?» አለኝ።

«ወንዙን።»

ድሬ እንዲህ ሲዘንብ ሰው ተነስቶ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መጣ አልመጣ ብሎ ያያል። ቁጭ ብሎ ዝናብ የሚያዳምጥ የለም።

«እዚህ ዝናብ ብቻ ነው፣ ወንዝ አይመጣብህም» አለኝ። ተመልሼ ወንድሜ አልጋ ላይ፣ ከሦስቱም ብርድ ልብስ ሥር ገባሁ። ገና ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። እስከ ጠዋት ተኛሁ።

ጠዋት፣ ሐጂ ሱቃቸውን የሚከፍቱት አርፍደው ነው ብሎ መጀመሪያ በሻዩ መሃል ወሰደኝ። ነገሩን ለማዘግየት መሰለኝ። ሴቶቹ ለቀማ ጀምረዋል። ወገባቸው ላይ ላስቲክ አስረዋል፣ ቅርጫቱ ከጀርባቸው ነው። የሚቀነጥሱት ጫፉን ብቻ ነው። እጃቸው ከመፍጠኑ የተነሳ ቅጠሉ ራሱ ወደ ቅርጫቱ የሚዘል ይመስላል።

አንዲት ትልቅ ሴት ቀና አለች። «ይሄ የድሬ ወንድም ነው?»

«እንዴት አወቅሽ?» አላት ልጁ።

«ጃኬቱ ያንተ ነው፣ መንቀጥቀጡ የድሬ ነው።»

ሌላዋ ተቀበለቻት። «ድሬ እኮ ሁለት ሹራብ፣ በላዩ ጃኬት፣ በላዩ ቱታ ደርቦ ይመጣ ነበር። ሰው ነህ ፍራሽ? እንለዋለን።»

«ምን ይላችኋል?» አልኳት።

«ፍራሽማ ተኝቶ ነው የሚውለው፣ እኔ እሠራለሁ ይለናል።»

ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ። ከዚያ ትልቋ ሴት እጇን በላስቲኩ ጠርጋ መጥታ ጨበጠችኝ፣ «ነፍስ ይማር» አለችኝ፣ ወደ መስመሯ ተመለሰች። እጇ ቀዝቃዛና ርጥብ ነበር። እጄ ላይ የቅጠል ሽታ ቀረ።

ፋብሪካውንም ከደጅ አሳየኝ። ውስጥ ቅጠሉን የሚያሽ ክብ ማሽን አለ፤ ሲዞር ይጮሃል። ማሽኑ ላይ የቆመው ሰውዬ ሲያየኝ ወጣ። «ይሄን የሚያስጮኸውን ነገር ወንድምህ በመፍቻ አንድ ጊዜ ያንኳኳዋል፣ ዝም ይላል» አለኝ። «እኔ ሦስት ሳምንት ስደበድበው ነው የሰነበትኩት። የት ጋ ነው የሚመታው? ነግሮህ ያውቃል?»

አልነገረኝም አልኩት። ሰውዬው ከልቡ አዘነ።

የእስላም መቃብሩ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ የሻዩ መስመር የሚያልቅበት ነው። በድንጋይ የታጠረ ትንሽ ቦታ ነው። እሱን ሳይ ግማሽ ሸክሜ ወረደ፤ ቢያንስ የተቀበረው በቦታው ነው። ልጁ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። «ግባ፣ ከዳር ሁለተኛው ነው» አለኝ።

«ማን ቆፈረው?»

«እኛ። የፋብሪካው ዕድር።»

አፈሩ ላይ ሣር በቅሏል። በሦስት ሳምንት። ድሬ የአባቴ መቃብር ዓመቱን ሙሉ አቧራ ነው፤ ድንጋዩ ይግላል፣ ፍየል የምትነጨው እንኳ የለውም። ይሄ ግን አረንጓዴ ሆኗል። ቅር አለኝ። አገሩ የቸኮለበት መሰለኝ። የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ፋቲሓን፣ ቀራሁለት። መሃል ላይ ተሳሳትኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ከዚያ ቁጭ አልኩ። ሱሪዬ ራሰ፤ አልተነሳሁም። በመንገድ ላይ ልነግረው ያሰብኩት ብዙ ነገር ነበር። «እማ ማን እንዳጠበህ ጠይቅ ብላኛለች» ብቻ አልኩት።

ሐጂ ከሥልጤ የመጡ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ ከምስማር እስከ ስኳር አለ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ባንኮኒውን ተደግፈው ነው የቆሙት። ከሰላምታ በኋላ «አንተ ነህ ያጠብከው?» አልኳቸው።

ልጁ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «እርስዎ በላቸው» አለኝ ቀስ ብሎ። ድሬ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምንለው፤ ንቀት የለበትም።

ሐጂ ሰምተውታል። «ተወው፣ ድሬ ነው» አሉ። «አዎ፣ ልጄ። እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

በቃ። ይኸው ነበር። ሽርጡን ከፌስታሉ አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። «እናቴ ናት የላከችው። ላጠበው ሰው ብላ።»

ሐጂ ሽርጡን ዳሰሱት። ከዚያ ወደ በሩ አዩ። ልጁ ደጃፉ ላይ ቆሞ በእንጨት የጫማውን ጭቃ ይፍቃል።

«አልነገርካቸውም?» አሉት።

መፋቁን ቀጠለ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ?»

«ምን ብዬ ልንገራቸው?» አለ፣ ጭቃውን እያየ። «እናት ናቸው። ማተብ ያሰረ ሰው ነካው ልበላቸው?»

ሐጂ በርጩማ ስበው አስቀመጡኝና ነገሩኝ። ያን ቀን የጎረቤት ከተማ ገበያ ነበር። እስላሙ ነጋዴ ሁሉ በማለዳ ወጥቷል። የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ገበያ አያስኬድም። ነጋዴዎቹ ተደውሎላቸው ለስግደቱ ደርሰዋል፤ ሁለት ሰልፍ ሞልተው ሰግደውበታል። ለማጠቡ ግን የደረሰ አልነበረም። እናቴ ደግሞ አታቆዩት ብላለች።

«እኔ አንዴ ካጎነበስኩ የሚያነሳኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ እያየኸኝ ነው» አሉኝ። «ሙት ደግሞ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ይሄ ልጅ በሩ ላይ ቆሟል። ግባ አልኩት። እኔ እኮ… አለኝ። አውቃለሁ፣ ግባ አልኩት። ያጠብኩት እኔ ነኝ። ኒያው የኔ ነው፤ ለማጠብ በልቤ ያሰብኩት እኔ ነኝ። ውሃ ያቀረበው፣ የያዘው፣ ያዞረው እሱ ነው። የተማረ ሰው ሌላ ይል ይሆናል፤ ጠይቁ። እኔ አላህ ሲጠይቀኝ የምመልሰውን አውቃለሁ።»

ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው «የውሃውን ነገር ንገረው» አሉት።

«ምን አለው እሱ?»

«ንገረው።»

ልጁ ሳይገባ ከደጃፉ ተናገረ። «የቧንቧ ውሃ ነበር። በጠዋት በረዶ ነው። ሐጂ ሊጀምሩ ሲሉ ይቆዩ አልኳቸው። ሄጄ በድስት አሞቅሁት። ድስቱ ትንሽ ስለሆነ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሐጂ ይዘገያል ብለውኝ ነበር። እኔ ግን… ድሬ ብርድ አይወድም። ጠዋት ጠዋት ውሃ ካላሞቅሁለት ፊቱን እንኳ አይታጠብም።»



«ሳሙናውንም ቀማኝ እኮ» አሉ ሐጂ። «ትንሽ ብቻ፣ ካበዙበት አይለቅለትም እያለ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ቤት፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አላለቀስኩም ነበር። አክስቴ «ይሄ ልጅ ልቡ ድንጋይ ነው» ብላኝ ነበር። አንዲት ሴት ጨው ልትገዛ መጣች፤ ሐጂ «ቆይተሽ ነይ» አሏት። ልጁ ደጃፉን እንደያዘ ቆሞ ነበር፤ ሊገባም አልደፈረ፣ ትቶም አልሄደ።

ሲበርድልኝ ሐጂ ሽርጡን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «ለእሱ ስጠው።»

«ላጠበው ነው የተባለው» አለ ልጁ። «የእርስዎ ነው።»

«እኔ ሽርጥ እሸጣለሁ፤ ያው ከጀርባዬ ተደርድሯል። አንተ ምን አለህ?»

«ሱሪ አለኝ።»

«ስጠው አልኩህ» አሉኝ።

አንስቼ ሰጠሁት። ተቀበለና አንገቱ ላይ እንደ ፎጣ ጠመጠመው። «እንዲህ አይደለም» አልኩት። እጁን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባሁትና ከሱሪው በላይ አገለደምኩለት። ጨርቁን ወጥሮ፣ ከጎን አጥፎ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ መጠቅለል ነው። ይህን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው። ልጁ በቦት ጫማው ሁለት እርምጃ ሄዶ ሊደፋ ምንም አልቀረውም። ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አሁን ድሬ ሆንክ» አሉት።

በማግስቱ ተነሳሁ። ቱታውንና መፍቻዎቹን በቦርሳ ያዝኩ። ልጁ ጃኬቱን መልሶ አልቀበልም አለ።

መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ለእናቴ «ሐጂ የሚባሉ ሰው አጠቡት» ብላት እውነት ነው። እዚያ ላይ ባቆም ታርፋለች። አክስቴም አፏን ትይዛለች። የቀረውን ብነግራት ግን እንደገና ሊጀምራት ይችላል፤ እንዴት ነካው፣ ይሆናል ወይስ አይሆንም፣ የትኛውን ሼኽ እንጠይቅ። ልጁ ሦስት ሳምንት የፈራው ይሄንኑ ነው። አዋሽን ስናልፍ ሙቀቱ ተመለሰ፤ ጃኬቱን አወለቅሁ። እንደ ድካሜ ቢሆን ዝም ማለት ይሻለኝ ነበር። ግን ልጁን ከዘለልኩት የውሃውን ነገር ልነግራት አልችልም። ማን አሞቀው ትለኛለች።

ቤት ስደርስ ከሰዓት ሆኖ ነበር። እናቴ ግቢው ውስጥ ከሮቶው ጥላ ሥር ተቀምጣለች። አክስቴም አለች። ቦርሳውን ሳላወርድ እናቴ «ማን አጠበው?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። በደንብ አልተናገርኩም፤ እየዘለልኩ፣ እየተመለስኩ ነው። ማተቡ ላይ ስደርስ አክስቴ «ያ አላህ» ብላ ልትቀጥል ነበር። እናቴ እጇን አነሳችባት።

«ውሃውን አሞቀው?» አለችኝ።

«በድስት። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ።»

«ብርድ እንደማይወድ ማን ነገረው?»

«ማንም አልነገረውም፣ እማ። አብረው ነው የሚኖሩት።»

አክስቴ እኔን ታያለች፣ እናቴን ታያለች። እናቴ በመጨረሻ «ሽርጡን ለማን ሰጠህ?» አለች።

«ለልጁ።»

«ሐጂስ?»

«ሐጂ ሽርጥ ነጋዴ ናቸው። ለእሱ ስጥ አሉኝ።»

«ለሐጂ ተምር እንልካለን» አለች። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞራ «ምሳ አቅርቢ፣ ልጁ ደክሞታል» አለቻት። እጇን ታጠበች። በቀጥታ ወደ ሳህኑ ሰደደችው።

ከምሳ በኋላ ስልኬን ጠየቀችኝና ደወለች። ከማዶ «አቤት፣ እማማ» የሚል የፈራ ድምፅ ሰማሁ።

«ሽርጡ ልክ ሆነልህ?» አለችው።

ምን እንዳላት አልሰማሁም። «ከሱሪ በላይ አይደለም እኮ፣ ሱሪህን አውልቀህ ነው» ስትለው ግን ሰማሁ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጄ» አለችው፤ ስልኩን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

በማግስቱ አንዲት ሴት ዘግይታ ሰምታ ለቅሶ መጣች። እኔ ጥግ ላይ ጋደም ብዬ ነበር። ሴትዮዋ «አላህ ይማረው» አለች። እናቴ እንደ ወትሮው ስለ ማጠቡ አነሳች።

«በሞቀ ውሃ ነው ያጠቡት» አለቻት።

ሴትዮዋ ግራ ገባት። ድሬ ውሃ የሚያሞቅ ሰው የለም፤ ሮቶው ውስጥ ራሱ ይፈላል፣ እኛን የሚቸግረን ማቀዝቀዙ ነው። «ምነው አሞቁት?» አለች።

«አገሩ ብርድ ነው» አለቻት እናቴ፣ ሄዳ እንዳየችው ሁሉ፣ በካርቶን ቁራጭ ፊቷን እያራገበች።